በመርከቧ ውስጥ ያለው ዝምታ

ሰዎች ጆሮ ይሉታል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም አለ፤ ግን የሚጠራበት የለም፣ ሚስቱ እንኳ ስትቆጣ ብቻ ነው የምታስታውሰው። ሥራው ድምፅ ነው። የሳሙናና የግድግዳ ቀለም ማስታወቂያ ይቀዳል፤ ውሃ ሳይኖር የውሃ ድምፅ ያወጣል፣ ሕፃን ሳይኖር ሕፃን ያስቃል። የሰው ወሬ ግን አይሰማም። አጠገቡ ሆነው ስለ እሱ ቢያወሩ አያስተውልም፤ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ካፒቴን ወርክሾፕ ነው የሚሄደው። ካፒቴን መርከብ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነው። ማዕረጉን ለራሱ የሰጠው ራሱ ነው፤ የተከራከረው ስለሌለ ጸናለት።

ሁለቱ ልጆች ሳሉ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የጠፈር ተከታታይ ድራማ ነበር። አንዲት መርከብ ከከዋክብት ባሻገር ስትጓዝ መንገድ ትስታለች፤ ሞተሯ ይቆማል፣ መብራቷ ይደክማል፣ ሰዎቹ በጨለማ ተሰብስበው ሬዲዮ ላይ ይጣራሉ። የሚቀጥለው ክፍል ሳይመጣ ቀረ። ለምን እንደቀረ የነገራቸው ሰው የለም። ሌላው ተመልካች በማግስቱ ረሳው። ካፒቴን ግን አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶም አልረሳውም፤ "እነዚያ ሰዎች እኮ እስካሁን እዚያው ናቸው" እያለ ሰው ያሰለች ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። በመጨረሻ ባለቤቶቹ ካልጨረሱት እኛ እንጨርሰዋለን አለ፤ ፊልሙ አይሸጥም፣ ለወደደው ሁሉ በነፃ ይታያል።

ብቻውን ግን አይወጣውም ነበር። ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ የቢጤዎቹን ያለህ አለ። ምን ያህል ሰው ያቺን መርከብ በልቡ ይዟት ሲኖር እንደነበረ ሲያይ ካፒቴን ራሱ ደነገጠ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ከየአገሩ ጥቂት ጥቂት ላኩ። በተላከው ገንዘብ ወርክሾፑ ጥግ ላይ የመርከቧ መሪ ክፍል ተሠራ። ግድግዳው ቺፕውድ፣ ወንበሮቹ ከተገጩ መኪናዎች የተነቀሉ፣ መስኮቱ የተጣለ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በር ነው። ማስቲሽና ስፖንጅ ይሸታል። በካሜራ ሲታይ ግን ያስፈራል።

ለደጋፊዎቹ ምን እንስጥ የሚለው ነገር ብዙ አከራከረ። ሌላው ሰው ካናቴራ ይሰጣል፣ ፖስተር ይሰጣል። ጆሮ "ድምፃቸውን እንቀበል" አለ። በመርከቧ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ሬዲዮ ላይ ሲጣሩ የሚሰማው የደጋፊዎቹ የራሳቸው ድምፅ ይሁን። የሚሉትንም ጆሮ ራሱ ጻፈ፦ "አለን። አልሞትንም። ጨለማ ነው፤ ፈልጉን።" ሲጽፈው ደስ ብሎት ነበር፤ ለካፒቴን ደጋግሞ አነበበለት።

አንድ ነገር ጨመረበት። በእሱ ሙያ ዝምታ የሚባል ባዶ ነገር የለም፤ የእያንዳንዱ ክፍል ዝምታ የራሱ ነው። ድምፅ ሲቆረጥ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቀዳዳው የሚደፈነው በዚያው ክፍል ዝምታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ማንም አይናገር፣ ማንም አይንቀሳቀስ፣ ክፍሉ ብቻውን ይቀዳል። ደጋፊዎቹንም "ቃላችሁን ከተናገራችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ትንሽ ተቀመጡ፤ የክፍላችሁን ዝምታም እፈልገዋለሁ" አላቸው። ገንዘባችንን ወስደህ፣ ድምፃችንን ወስደህ፣ አሁን ደግሞ ዝምታችንን? ብለው ቀለዱበት። ግን ላኩ።

ድምፆቹ መጡ። የሚጮህ አለ፣ የሚያነብ የሚመስል አለ፣ ቃሉን ጀምሮ በሳቅ የሚፈርስ አለ። አንዱ ግን ለብቻው ነበር። ራሱን "ባለሁለት ጨረቃ" ብሎ የሚጠራ ወጣት ነው የላከው። የተጻፈለትን ትቶ፣ በብዙ ፋንታ በአንድ ሰው አደረገው፤ "አለሁ። አልሞትኩም። ጨለማ ነው፤ ፈልጉኝ" አለ፤ ራሱን ለመስማት ያህል እንጂ ሰው እንዲሰማው የተናገረ አይመስልም ነበር። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ካፒቴን ጆሮ ላይ አደረገለት። ካፒቴን ሰምቶ እንደገና እንዲያሰማው በጣቱ ጠቆመ። "መጨረሻው ይሄ ነው" አለ።

የፊልሙን ቅንጭብ ሲለቁ ያ ድምፅ መጨረሻ ላይ ብቻውን ገባ፤ ስክሪኑ ጠቁሮ፣ ምንም ሳይታይ። ቅንጭቡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ደጋፊው ጎረፈ። ካፒቴን አፉን ሞልቶ መሳቅ ጀመረ። ድምፃቸው ለገባላቸው ደጋፊዎች ሁሉ በየስልካቸው መልእክት እንዲሄድላቸው ያደረገውም እሱ ነው፦ "ወዳጃችን፣ ድምፅህ ከመርከቧ ተሰምቷል። ተጫንና አድምጥ።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካፒቴን የአንድ ታክሲ ወንበር ሲያለብስ ጆሮ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ሳለ፣ አንዲት ወጣት በሩ ላይ ቆመች። ገባ አላለችም። ዓይኗ የቺፕውዱን መርከብ አየና እዚያው ቀረ።

"ጆሮ የሚባሉት እዚህ ናቸው?"

"እኔ ነኝ፤ ግቢ" አላት።

"ባለሁለት ጨረቃ ወንድሜ ነው።"

ካፒቴን መርፌውን አስቀምጦ ብድግ አለ። "እሱማ የኛ ጀግና! ታዲያ ምነው ይዘሽው ብትመጪ? ቆይ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፎቶ ሳይነሳማ አይቀርም!"

"ሞቷል" አለች።

ካፒቴን እጁን እንደዘረጋ ክው ብሎ ቀረ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አልቅሳ የጨረሰች ትመስል ነበር። ተቀመጪ ሲሏት ከታክሲው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጆሮን ብቻ እያየች ተናገረች።

"ልቡ ነው። ጠዋት ሥራ ሊሄድ አውቶቡስ ሲጠብቅ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነው ያለቀው። ድምፁን ከላከላችሁ በኋላ ነው፤ ብዙም አልቆየም። ቀበርነው፤ እማዬም ቀብራዋለች፣ በዓይኗ አይታዋለች፤ ደህና ነበረች እኮ፣ ማለቴ እንደ ሐዘንተኛ ደህና ነበረች። ስልኩን ግን አልሰጥም አለች። በየቀኑ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ ትወለውለዋለች። አንድ ቀን ጠራ።"

"መልእክቱ" አለ ጆሮ።

"ተጫንና አድምጥ ይላል። ተጫነችው። እኔ ልብስ አጥብ ነበር፤ ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። 'አለሁ፣ አልሞትኩም' ይላል። ጨለማ ነው ይላል። ፈልጉኝ ይላል። በወንድሜ ድምፅ!" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ፊልም ነው አልኳት። 'በዚህ ማን ይጫወታል?' አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማን ይጫወታል?"

ጆሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ያንን ቃል የጻፈው እሱ ነው፤ ደጋግሞም ያነበበው እሱ ነው።

"መጀመሪያ ሐኪም ቤቱ ሄዳ ልጄን አምጡ አለች። ከዚያ መቃብሩ ጋ ሄዳ ጆሮዋን መሬት ላይ አድርጋ ተኛች። አሁን ግን ዝም ብላለች፤ ያ ነው ያስፈራኝ። 'ጨለማ ውስጥ ብቻውን ነው። ከልጅነቱም ጨለማ ይፈራል። እኔ እሄድለታለሁ' ትለኛለች። ጫማዋን አድርጋ ቁጭ ትላለች። ወዴት ነው የምትሄጂው ስላት አትመልስልኝም። ጋሼ፣ ወዴት እንደሆነ ገብቶኛል። አባታችን የለም፤ ወንድሜም ሄደ፤ እሷ ከሄደች እኔ ማን አለኝ? እባካችሁ አውጡት። ከዚህ ፊልም ውስጥ አውጡልኝ።"

ከሄደች በኋላ ሁለቱ ወዳጆች ተጣሉ። ካፒቴን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ያቺን መርከብ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው የተሸከማት።

"ልጁ በፈቃዱ የሰጠን ነው" አለ። "ስጦታው ነው። ሌላ ምን ቀረለት? እሱን ቆርጠን ስንጥል ሁለተኛ ገደልነው ማለት እኮ ነው።"

"በሞተ ሰው ስልክ እናቱን ጠራናት" አለ ጆሮ።

"መቼ አወቅን?"

"አሁን አወቅን።"

ካፒቴን የታክሲውን ወንበር ቆዳ ወጥሮ መስፋት ጀመረ። መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቱን ወጋው። "ቁረጠው" አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ቅንጭቡንም አውርደው። አሁኑኑ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

ጆሮ ቆረጠው። ቅንጭቡን አወረደ፣ ከፊልሙ ውስጥ ያ ድምፅ ያለበትን ሁሉ ፈልጎ አወጣ፤ በቦታው ሌሎች ደጋፊዎችን አስገባ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከበደው። ድምፁ ከኮምፒውተሩ ቢወጣም ከእሱ አልወጣም። የሳሙና ማስታወቂያ ሲቀዳ፣ ተዋናይዋ ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆመችበት ቦታ ይሰማዋል። ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ ከኋላው የቆመው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ዘወር ይላል። ፊልሙን ሲያጫውት ደግሞ ይባስ ነበር፤ ድምፁ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ሌላ ሰው እየተናገረ እንኳ ያ ልጅ እዚያው ቁጭ ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ቆርጬዋለሁ ይላል ለራሱ። እንደገና ይፈትሻል፤ ተቆርጧል። እንደገና ያጫውታል፤ ልጁ እዚያው ነው። ለሚስቱ ሊነግራት ፈልጎ አፈረ፤ በሰው ልጅ ሞት ላይ የራሱን ፍርሃት ማውራት ነውር መሰለው።

ቅንጭቡ መውረዱ እናትየውን ይባስ አስጨነቃት። እህትየው ደውላ ነገረችው። "ተጭና ስታጣው 'ተዳከመ፣ መጣራት አቃተው' አለች። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ላምጣትና በዓይኗ ትየው? መጫወቻ መሆኑን ትይ፣ እንጨቱን ትንካው።"

"አምጫት" አለ ጆሮ። ከዚያ የሚሻል ነገር አልታየውም።

ካፒቴን ያን ቀን ደንበኛ አልተቀበለም። ወርክሾፑን ጠረገ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። እናትየው አጠር ያለች፣ ሥርዓት ያላት ሴት ነበረች፤ ጸጉሯ በደንብ ተበጥሯል፣ ኮቷ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። እንደ እብድ የምትጮህ ሴት ጠብቀው ስለነበር ሥርዓቷ ይበልጥ አስጨነቃቸው። የልጇን ስልክ በእጇ ይዛለች።

"ይግቡ እናቴ፤ በዚህ በኩል፣ ሽቦው እንዳይጠልፍዎት" አለ ካፒቴን። መስኮቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በር መሆኑን አሳያት፤ ከአሮጌ ሪሞት የተነቀሉትን ቁልፎች አስነካት። ጆሮ ደግሞ የመርከቧ በር ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ፣ የሻንጣ ዚፕ እየጎተተ አሰማት። ሴትየዋ ሁሉንም በትዕግሥት አየች። ቺፕውዱን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

"እንጨት ነው" አለች።

"እንጨት ነው እማዬ" አለች እህትየው፤ ፊቷ ሊፈካ ምንም አልቀረው።

"ልጄ ለዚህ ነው ደሞዙን የሚሰጠው የነበረው?"

"አዎ እናቴ" አለ ካፒቴን አንገቱን ደፍቶ።

"ደግ አደረገ። ደስ ይለው ነበር፤ ያን ሰሞን ሲያፏጭ ነበር የሚውለው።" ፈገግ አለች። ከገባች ጀምሮ ፈገግ ስትል ይኼ የመጀመሪያዋ ነው። "እስቲ ፊልሙን አሳዩኝ። እሱ ባይኖርበትም ልየው።"

ጆሮ ልቡ ቀለል አለው። እሷን የመኪና ወንበር ላይ አስቀምጦ መሪ ክፍሉ ያለበትን ትዕይንት ከፈተ፤ የልጁ ድምፅ እንደሌለበት ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ አረጋግጧል። ስክሪኑ ላይ መርከቧ ጨለመች። ሰዎቹ በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። መጣራት ከመጀመራቸው በፊት ረጅም ዝምታ አለ፤ ጆሮ የሚኮራበት ዝምታ ነው። ዝቅ ያለ እምምታ አለበት፣ ከእምምታው ሥር ደግሞ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ይመስላል።

እናትየው ተነሳች።

"እማዬ ቁጭ በይ፣ ገና ነው" አለች እህትየው።

"ዝም በይ።" እጇን አነሳች። "ሁላችሁም ዝም በሉ። ይሄ ቤቴ ነው።"



"ፍሪጄ ነው። ሊያቆም ሲል እንዲህ ያስላል፤ ሰማችሁ? ይኸው። ወንበሩ ደግሞ የሱ ነው፤ ወደ ኋላ ሲለጠጥበት ነው እንዲያ የሚለው፣ ስንት ጊዜ ትሰብረዋለህ ብዬዋለሁ። ልጄ እዚህ ውስጥ ተቀምጧል።" ወደ ጆሮ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። "የለም አላችሁኝ። ይኸው ተቀምጧል አይደል?"

ጆሮ ያን ጊዜ ገባው። ለመርከቧ የሚሆን ዝምታ ሲፈልግ ደጋፊዎቹ ከላኩለት ክፍሎች ውስጥ ብዙ ሞክሮ፣ አንዱ ብቻ ልክ ሆኖለት ነበር። ያንን ወስዶ "መርከብ" ብሎ ሰይሞ ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥር ሥሩን አነጠፈው፤ የማን ክፍል እንደሆነ ከዚያ ወዲያ አላሰበውም። ድምፁን ቆርጦ ሲያወጣ ዝምታውን ረሳው። ልጁን ከሬዲዮው አስወጥቶ በመላው መርከብ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ለካ ሲያጫውተው ልጁ እዚያው የሚመስለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

መዋሸት ይችል ነበር። የማንም ቤት ፍሪጅ እንዲሁ ነው ሊላት አፉን ከፈተ፤ እህትየውም በዓይኗ እባክህ እያለችው ነበር። ሴትየዋን አየና አልቻለም።

"እውነትዎን ነው እናቴ" አላት። "የሱ ክፍል ነው። ከመሞቱ በፊት ነው የቀዳው። ቃሉን ከተናገረ በኋላ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ የነገርኩት እኔ ነኝ። እየጠራዎት አልነበረም፤ የተናገረውን ቃልም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ሙሉውን አሰማኝ" አለች።

"እማዬ ይቅርብሽ" አለች ልጅቷ።

"አሰማኝ አልኩህ ልጄ።"

ጆሮ የመጀመሪያውን ቅጂ ፈልጎ ከፈተ። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። "አለሁ። አልሞትኩም። ጨለማ ነው፤ ፈልጉኝ።" እናትየው ዓይኗን ጨፈነች፤ ግን አልጮኸችም። ከዚያ ዝምታው ጀመረ። ፍሪጁ፣ ወንበሩ፣ የልጁ ትንፋሽ። ቆየት ብሎ፣ ጆሮ ለፊልሙ ሲል ቆርጦ የጣለው ቦታ ላይ፣ ከሩቅ የነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማ። ቀስ እያለ መጣ። ቀረበ፣ ቆመ። ልጁ ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ ይሰማል። ኮቴው ትንሽ ቆይቶ በመጣበት ተመለሰ፤ ልጁም ለራሱ ፍፍ ብሎ ሳቀና ቅጂው አለቀ።

"እኔ ነኝ" አለች እናትየው። "አስታወስኩት። ንጹሕ አንሶላ ይዤለት መጥቼ ነበር። በሩ ተዘግቷል። ልግባ አልኩና፣ እየቀዳሁ ነው እንዳትረብሹኝ ማለቱ ትዝ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ።" እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ምን ነበረበት ብገባ? ቢቆጣኝስ? በር አይደል እንዴ!"

ያን ጊዜ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሷ እንባ ስንት ጊዜ ታፍኖ እንደቆየ እግዜር ይወቀው። እህትየው ልታቅፋት ብትሞክር እንጨት ሆነችባት፤ ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ መለሰች። ካፒቴን ጥግ ላይ ቆሞ ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ይጠርጋል። ጆሮ ማልቀስ እንኳ አልሆነለትም፤ ከኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል።

ሴትየዋ ስታበቃ ፊቷን በመሐረብ አደረቀች፤ ጸጉሯን አስተካከለች።

"በፊልሙ ላይ ሲጣሩ ማን ይመልስላቸዋል?" አለች።

ሁለቱ ወዳጆች ተያዩ። "ማንም" አለ ካፒቴን። "ድምፃቸው ሩቅ ስለሆነ… የሚሰማቸው አይኖርም። ማለቂያው እሱ ነው።"

"እንዲህ ያለ ነገር ሠርታችሁ ነው እንዴ ልጄን ያስጠራችሁት?" አሁን ነው የተቆጣችው፤ ካፒቴን እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። "ሰው ተጣርቶ መልስ ያጣል? የሱን ድምፅ ወደ ቦታው መልሱት። ቀጥሎ የኔን አስገቡ። እሱ አዋጥቶ የለ፣ እኔም ላዋጣ። የሚቀዳበት የት ነው?"

የሚቀዳበት ቁም ሳጥን ነበር፤ ካፒቴን በፍራሽ ስፖንጅ ከውስጥ የለበጠው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ። ሴትየዋ በሩን አይታ አላመነታችም። እህትየው ጆሮን ክንዱን ያዘችው። "ጋሼ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ አታስገባት። አብራው ልትሆን ነው የምትገባው። እባክህ!" አለችው በሹክሹክታ። ጆሮም ፈርቶ ነበር። ግን ሴትየዋ ኮቷን አውልቃ ለልጇ አስያዘቻት፣ የወንድ ልጇን ስልክ ካፒቴን እጅ ላይ አስቀመጠች፣ ገባች፤ በሩን ራሷ ዘጋችው።

ጆሮ መቅጃውን ከፈተ። ልጅቷ እንድትሰማ ስፒከሩንም ከፈተላት። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ መጣ። ረጅም ጊዜ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ካፒቴን በሩን ሊከፍት አንድ እርምጃ ተራመደ።

"ልጄ" አለ ስፒከሩ። "ሰምቼሃለሁ። እናትህ ነኝ። በር ላይ ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እንዳልረብሽህ ብዬ ነው የተመለስኩት፣ ሌላ አይምሰልህ። ፈልጉኝ ስትል ልመጣ ነበር። እውነቴን ነው። ጫማዬን አድርጌ ተቀምጬ ነበር፤ መንገዱንም መርጬው ነበር። ጨለማ እንደምትፈራ አውቃለሁ። አሁን ግን አልመጣም። አትቀየመኝ፣ እንግዲህ አትጥራኝ። እህትህ ብቻዋን ናት።"

ልጅቷ የእናቷን ኮት እንዳቀፈች ከወለሉ ላይ፣ ከተቆራረጠው ቆዳና ስፖንጅ መሃል ቁጭ አለችና ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ እናቷን ስትጠብቅ ለራሷ አንድም ቀን እንዲህ አላለቀሰችም ነበር። ጩኸቷ ስፖንጁን አልፎ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

ስፒከሩ ላይ የሚንኳኳ ነገር ተሰማ፤ በጨለማው ውስጥ እጅ የበሩን እጀታ እየፈለገ ነበር።

"መጣሁ" አለች እናትየው። "መጣሁ ልጄ፣ መጣሁልሽ።"